ሲበዛ የሚያግል ቅባት
የላፕቶፕን ፕሮሰሰር ስለሚያቀዘቅዘው ተርማል ፔስት

በትምህርት ክፍላችን የሁለተኛ ዲግሪውን የሚከታተል አንድ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ቢሮዬ መጣ። ኮምፒውተሩ ከባድ ስሌት በጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እየጋለ በራሱ ይጠፋል። ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ቢወስደው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ መለወጥ አለበት» ተብሏል። የተጠየቀው ገንዘብ ግን ተማሪው ሊከፍለው ቀርቶ ሊበደረውም የሚችለው አልነበረም።

«ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ይነሣል?» ስል ጠየቅሁት።

«አዎ፣ ዶክተር፤ ሩብ ሰዓት ያህል ካረፈ ይነሣል። ጽሑፍ ብቻ ስጽፍበትማ ቀኑን ሙሉ ምንም አይለኝም» አለኝ።

የተቃጠለ ማዘርቦርድ ዕረፍት ስላገኘ አይድንም። ተማሪው የነገረኝ ምልክት የሚያመለክተው ሙቀት መውጫ አጥቶ የታፈነ መሆኑን ነበር። ላፕቶፑን ስንከፍተውም በፕሮሰሰሩና በላዩ በተቀመጠው መዳብ መካከል መኖር የነበረበት ቅባት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ቅባቱን በአዲስ መተካት ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ተሳሳትሁ። የስሕተቱ ምንነት ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ቅባቱ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት።

ከእንጀራ ምጣድ የሚብስ ግለት

ፕሮሰሰር የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ጉልበት በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙት ፕሮሰሰሮች በተለምዶ 15 ዋት ያህል፣ ለከባድ ሥራ የተዘጋጁት ደግሞ 45 ዋት ያህል ሙቀት እንዲያወጡ ታስበው የተነደፉ ናቸው። ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ የሚያወጡበት ወቅትም አለ። ለስሌታችን እንዲመች 30 ዋት እንውሰድ። ይህ የድሮው 60 ዋት አምፖል ግማሽ ነውና፣ ላይ ላዩን ሲታይ የሚያስጨንቅ መጠን አይመስልም።

የሚያስጨንቀው ሙቀቱ የሚወጣበት ስፋት ማነሱ ነው። የፕሮሰሰሩ ሲሊከን አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ዋት ያልፋል ማለት ነው። ይህን በየቤታችን ከምናውቀው ከኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ጋር እናነጻጽረው። 3,500 ዋት የሚወስድና ወርዱ 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ 2,640 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ስናካፍለው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1.3 ዋት ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ በጉልበታችን ላይ አስቀምጠን የምንሠራበት ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሲሊከን፣ በስፋት ሲመዘን፣ ከምጣዱ ከሃያ እጥፍ በላይ የሆነ ሙቀት ታስተላልፋለች። ምጣዱ ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ቢግል ሥራው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካላዳነው ጨርሶ ይጠፋል።

ሁለት ገጾች ሲገናኙ

ይህ ሙቀት እንዲወጣ በሲሊከኑ ላይ ሂትሲንክ የሚባለው የመዳብ ሳህን ይቀመጣል። ከሳህኑ የተያያዘው ጠፍጣፋ የመዳብ ቧንቧ በውስጡ ጥቂት ውኃ አለው። ውኃው በሞቀው ጫፍ ይተናል፤ በቀዝቃዛው ጫፍ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ በዚህም ሙቀቱን ተሸክሞ ማራገቢያው ወዳለበት ያደርሰዋል። በዚያም ስስ የብረት ክንፎች በመካከላቸው ለሚነፍሰው አየር ያስረክቡታል።

ሲሊከኑም ሆነ መዳቡ ጥሩ ሙቀት አስተላላፊዎች ናቸው። የመዳብ ሙቀት አስተላላፊነት 400 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል ሲሆን፣ የሲሊከን 150 ያህል ነው። እንቅፋቱ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ለዓይን እንደ መስታወት የለሰለሰ የሚመስል ብረት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉብታና ሸለቆ የሞላበት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾች ሲደራረቡ በእርግጥ የሚነካኩት በጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ቦታ አየር ይይዘዋል። የረጋ አየር ሙቀት አስተላላፊነት ደግሞ 0.026 ብቻ ነው። መዳብ ከአየር ከ15,000 እጥፍ በላይ ይሻላል ማለት ነው።

የተርማል ፔስት ሥራ ይህን አየር አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። ቅባቱ በራሱ ከመዳብ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ አስተላላፊነቱ ከመዳብ ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ አይበልጥም። ነገሩ ከድንጋይ ግንብ ጋር ይመሳሰላል። ብልህ ግንበኛ ድንጋዩን ጠርቦ ያገጣጥማል፤ ጭቃውን የሚጠቀምበት ቀዳዳውን ለመሙላት ብቻ ነው። ጭቃው በበዛ ቁጥር ግንቡ ይደክማል። በእኛም ጉዳይ ድንጋዩ መዳቡና ሲሊከኑ፣ ጭቃው ደግሞ ቅባቱ ነው።

ፉሪየር የሰጠን ሚዛን

ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ሕግ ይህን ጉዳይ በቀላሉ እንድናሰላ ያስችለናል። ሙቀት በአንድ ስስ ንብርብር ውስጥ ሲያልፍ በሁለቱ ጎኖች መካከል የሚፈጠረው የመጠነ ሙቀት ልዩነት እንዲህ ይሰላል፦

የመጠነ ሙቀት ልዩነት = (ኃይል × ውፍረት) ÷ (አስተላላፊነት × ስፋት)

ኃይሉን 30 ዋት፣ ስፋቱን አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር አድርገን የተለያዩ ሁኔታዎችን እንመልከት።

• አስተላላፊነቱ 5 የሆነ ጥሩ ቅባት፣ በ50 ማይክሮን ውፍረት፦ 3 ዲግሪ።
• አስተላላፊነቱ 10 የሆነ ውድ ቅባት፣ በ50 ማይክሮን ውፍረት፦ 1.5 ዲግሪ።
• አስተላላፊነቱ 1 የሆነ ርካሽ ቅባት፣ በ50 ማይክሮን ውፍረት፦ 15 ዲግሪ።
• አስተላላፊነቱ 5 የሆነው ጥሩ ቅባት፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት፦ 30 ዲግሪ።
• አስተላላፊነቱ 10 የሆነው ውድ ቅባት፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት፦ 15 ዲግሪ።
• ምንም ቅባት የሌለበት 50 ማይክሮን የአየር ንብርብር፦ ከ570 ዲግሪ በላይ።

የመጨረሻው ቁጥር በተግባር አይታይም፤ ብረቶቹ በከፊል ስለሚነካኩና ፕሮሰሰሩም ከዚያ በፊት ስለሚጠፋ ነው። ሆኖም አየሩ ምን ያህል ክፉ እንቅፋት እንደ ሆነ ያሳያል። ከሌሎቹ ቁጥሮች ግን ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። ከጥሩው ቅባት ወደ ውዱ በመሸጋገር የምናተርፈው አንድ ዲግሪ ተኩል ነው። ውዱን ቅባት በግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት የቀባ ሰው ደግሞ ርካሹን በስሱ ከቀባው ሰው ምንም ብልጫ አያገኝም። ስለሆነም በቀመሩ ውስጥ ከአስተላላፊነቱ ይልቅ በእጃችን ያለው ውፍረቱ ነው።

የራሴ ስሕተት

አሁን ወደ ተማሪው ላፕቶፕ እንመለስ። የደረቀውን ቅባት ጠርገን፣ ከውጭ አገር ያመጣሁትን ጥሩ ቅባት ቀባንበት። በዚያው ሂትሲንክ ሥር፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ቺፖች የሚሸፍነው ተርማል ፓድ፣ ማለትም ለስላሳው ሙቀት አስተላላፊ ጨርቅ መሰል ቁራጭ፣ ተቀድዶ ስለ ነበር በመሳቢያዬ ካገኘሁት ቆርጬ ተካሁት። ብሎኖቹን አጥብቀን ስሌቱን ስናስጀምር መጠነ ሙቀቱ 94 ዲግሪ ላይ ቆመ። ላፕቶፑ ባይጠፋም እፎይ የሚያሰኝ ውጤት አልነበረም።

ቅባቱ አዲስ፣ ማራገቢያውም የጸዳ ነው። ታዲያ ምን ቀረ? ከላይ የተጠቀሰውን ቀመር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፈን ወደ ኋላ አሰላነው። ለ25 ዲግሪ ያህል ትርፍ ግለት የሚያበቃ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይገባዋል። እንደገና ስንከፍተው ቅባቱ በመዳቡ ላይ ሳይጨፈለቅ ከነውፍረቱ ተቀምጧል። ምክንያቱ ያ ፓድ ነበር። የቀድሞው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ እኔ የተካሁት አንድ ሚሊ ሜትር ነበር። ፓዱ መዳቡን ከፕሮሰሰሩ ላይ ደግፎ አነሣው፤ ክፍተቱንም ቅባቱ ሞላው። ትክክለኛውን ውፍረት ያለው ፓድ አግኝተን ስንተካው መጠነ ሙቀቱ ወደ 68 ዲግሪ ወረደ። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ ጥሩ ቅባትም ሲወፍር ያግላል።

ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት

ላፕቶፕ በጋለ ቁጥር ጥፋተኛው ቅባቱ ነው ማለት አይደለም። መጠነ ሙቀት የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች ስላሉ አንዱን ጭኖ የሚከተለውን ፈተና ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ መጠነ ሙቀቱን ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ ከባድ ስሌት ያስጀምሩትና አቀበቱን ይከታተሉ።

ሲሊከኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚይዘው ሙቀት ጥቂት ነው፤ መውጫ ካጣ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ሂትሲንኩና ክንፎቹ ግን ክብደት ስላላቸው ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ መጠነ ሙቀቱ ሥራው እንደ ተጀመረ ወዲያው ወደ 95 ዲግሪ ዘሎ፣ ሥራው ሲቆምም ወዲያው የሚወርድ ከሆነ ችግሩ በመገናኛው ላይ ነው፤ ቅባቱን መለወጥ ይጠቅማል። በዝግታ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ግን ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነዋል፣ ወይም ማራገቢያው ደክሟል፤ ቅባት መለወጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማስታወስ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት እኩል ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው የአየር መጠነ ቁስ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ በጥቂት አቧራ የማይቸገር ላፕቶፕ በደጋ ከተማ ሊቸገር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛውን እንምረጥ?

በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት የሚገኘው ነጭ ቅባት የሲሊኮን ዘይትና የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ ድብልቅ ነው። አስተላላፊነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ግራጫዎቹ የተሻሉ ቅባቶች የአሉሚኒየም፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም የሌሎች ማዕድናት ብናኝ በብዛት የያዙ ናቸው። ለላፕቶፕ ሲመረጥ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ትልቅ ቁጥር ይልቅ ሦስት ነገሮችን ማጤን ይበጃል።

አንደኛ፣ ቅባቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ይሁን። በሲሊከኑ ዙሪያ ትንንሽ የኤሌክትሪክ አካላት ስላሉ የተረፈ ቅባት ሊነካቸው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በግለትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ የማይሸሽ ይሁን። ላፕቶፕ ሲበራና ሲጠፋ ሲሊከኑና መዳቡ በተለያየ መጠን ይለጠጣሉ፤ ይሰበሰባሉ። ይህ እንቅስቃሴ ቀጭን ቅባትን ቀስ በቀስ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይገፋዋል። ስለዚህ ለላፕቶፕ ወፈር ያለና ዝልግልግ ቅባት ዕድሜ ይኖረዋል። ሲቀዘቅዝ ጠጣር፣ ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ለስላሳ የሚሆኑ ስስ ቁራጮችም አሉ፤ እነዚህ በቀላሉ ከቦታቸው ስለማይገፉ ለላፕቶፕ ተስማሚ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ፈሳሽ ብረት የሚባለውን በጥንቃቄ መሸሽ ነው። ይህ የጋሊየም ቅይጥ ሲሆን አስተላላፊነቱ ከተራ ቅባት እጅግ ይልቃል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ማዘርቦርዱን በእርግጥ ልታቃጥለው ትችላለች። ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝም ወደ ብረቱ ውስጥ ዘልቆ ያሰባብረዋል። ልምድ ለሌለው ሰው የሚመከር አይደለም።

አንዳንዶች የጥርስ ሳሙና ሲጠቀሙ ይሰማል። የሚገርመው መጀመሪያ ላይ መሥራቱ ነው፤ በውስጡ ያለው ውኃ ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋልና። ውኃው ሲተን ግን የቀረው ዱቄት ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፤ አየሩም ተመልሶ ይገባል።

አቀባቡ

1. የሚያስፈልግዎትን ሰነድ ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ይህን የማይዘልሉት የመጀመሪያው እርምጃ ያድርጉት።

2. ላፕቶፑን ለጥቂት ደቂቃዎች አሠርተው ሞቅ ሲል ያጥፉት፤ የቆየው ቅባት ይለሰልሳል። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅለው፣ ሽፋኑን ከፍተው የባትሪውን ማያያዣ ያላቅቁ። በሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል እንዲወገድ መሬት የነካ ብረት ይንኩ።

3. በሂትሲንኩ ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተጽፏል። ሲፈቱ ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ፣ ሲያጠብቁ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂዱ። ሂትሲንኩ ከተጣበቀ በቀስታ ግራና ቀኝ ያወዛውዙት እንጂ በካቻቢቴ አይፈንቅሉት፤ ሲሊከኑ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው።

4. አሮጌውን ቅባት ብናኝ በማይተው ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ፓዶቹን ሳይነኩ ይተዉአቸው፤ መለወጥ ካለባቸው በዚያው ውፍረት ብቻ ይተኩ። በፓድ ቦታም ቅባት አይቀቡ።

5. አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትርን በ50 ማይክሮን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ቅባት 5 ሚሊ ሜትር ኩብ ነው፤ ይህም የሃያ ያህል የጤፍ ፍሬዎች ይዘት ማለት ነው። ጥቂቱ ወደ ጠርዝ ስለሚፈስ አንድ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ከበቂ በላይ ነው። በላፕቶፕ ሲሊከኑ ራቁቱን ስለሆነ ያልተሸፈነ ማዕዘን ብቻውን ይግላል፤ ስለዚህ ቅባቱን በላስቲክ ካርድ ጠርዝ በስሱ እስከ ማዕዘኖቹ ያዳርሱት።

6. ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፤ አንዱን ብሎን ጨርሰው አያጥብቁ፤ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ያድርሷቸው። አንድ ጎን ቀድሞ ከተጠበቀ መዳቡ ያዘማል፤ በሌላው ጎን ቅባቱ ይወፍራል። ክንፎቹንና ማራገቢያውን አጽድተው፣ ባትሪውን መልሰው፣ ያንኑ ፈተና ይድገሙ።

በማጠቃለያ

ተማሪው የቀረውን ስሌት በዚያው ላፕቶፕ ጨርሶ ጽሑፉን በቀነ ገደቡ አስረከበ። ማዘርቦርዱም ያው የቀድሞው ነው። የጥገና ባለሙያዎችን ሁሉ ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም፤ እኔም ዲግሪዬን ይዤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ፓድ ተሸንፌአለሁና። ዋናው ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሁለት ጥያቄዎች መኖራቸው ነው። ካረፈ በኋላ ይነሣል? ሲግልስ ወዲያው ነው ወይስ ቀስ በቀስ? እነዚህን መመለስ ምንም ወጪ አይጠይቅም። መልሱ ወደ ቅባቱ የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው አንድ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቅባትና በእኩል የጠበቁ ብሎኖች ናቸው።